ጥላው ግን አንቱ ይላል

የአማርኛ ሰዋስው ሰውን ከሰው ከሚለይባቸው መሣሪያዎች አንዱ፣ ምናልባትም በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው፣ ተውላጠ ስም ነው። ተናጋሪው ያነጋገረውን ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል ቅርበትን፣ እኩያነትን አለዚያም የበላይነትን ይገልጻል፤ «እርስዎ» ወይም በቆየው ልማድ «አንቱ» ሲል ደግሞ ሰውየው በዕድሜ፣ በሹመት ወይም በሀብት ከፍ ያለ መሆኑን ይመሰክርለታል፤ ግሡም ተከትሎ እጅ ይነሣና «ብላ» የነበረው «ይብሉ»፣ «ተቀመጥ» የነበረው «ይቀመጡ» ይሆናል። ይህን ልማድ፣ ማለትም አንቱታን፣ በአገሪቱ ብዙ አካባቢ ልጅ አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ የሚማረው ሲሆን፣ ድሬዳዋ ግን በዚህ ረገድ የታወቀች አመፀኛ ናት። የድሬ ልጅ ሽማግሌውንም፣ ሐኪሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣውን ኃላፊም «አንተ» ይላል፤ «አቦ» የምትለዋን ቃል ካከለበትማ እንግዳው ተሰደበ ወይስ ተወደደ የሚለውን ለመለየት ጥቂት ቀን ይፈጅበታል።

ይህን የሰማ ሰው ድሬዳዋና ዙሪያዋ የእኩልነት አገር ናቸው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ነዋሪውም ራሱ እንዲህ ማለት ይወዳል፤ ፍቅሩም ሆነ ግልጽነቱ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሰውን ከሰው የማበላለጥ ልማድ ከአፍ ስለተባረረ ብቻ ከአገር አይወጣም፤ ከአንዱ ቤት ሲያስወጡት ጎረቤት ገብቶ ቡና የሚያስፈላ እንግዳ ነው። በድሬዳዋና ከእርሷ በስተምዕራብ በባቡሩ መሥመር ላይ በምትገኘው በሁርሶ፣ አንቱታ ከምላስ ወርዶ የገባው ጥላ ሥር ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲመጣ ማን እንደሚነሣ፣ ማን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ማንስ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ በትዕግሥት ለተመለከተ፣ ተውላጠ ስሙ የደበቀውን ማዕረግ ጥላው አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ሁርሶ የተለየ ምቾት አላት። ስሟ በአገሪቱ የታወቀው በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ ሲሆን፣ በወታደር ቤት የሰው ማዕረግ በትከሻው ላይ ተሰፍቶ ስለሚታይ ማን ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ ክርክር አያስነሣም፤ ሃምሳ አለቃው ራሱን ከሻለቃው ጋር እኩል ነኝ ብሎ አያታልልም፤ ሻለቃውም ሰላምታ የሚሰጠው በመልኩ ማማር ነው ብሎ አያስብም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሲቪል ግን ትከሻው ባዶ ነው። ማዕረጉ ባይሰፋለትም አልቀረለትም፤ ስለማይታይ ግን ባለቤቱም ሆነ ጎረቤቱ እንደሌለ አድርጎ ሊናገር ይችላል። የሲቪሉን ማዕረግ ማንበብ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ዓይኑን ከትከሻው ላይ አንሥቶ ወደተቀመጠበት መሬት ዝቅ ማድረግ አለበት።

በማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፎች ልዩ ጥቅም የሚባለው፣ አንድ ሰው ሳይሠራለት፣ ሳይጠይቀው፣ ብዙ ጊዜም ሳያውቀው፣ ከተወለደበት ቤት፣ ከፆታው፣ ከሥራው ወይም ከሚያውቃቸው ሰዎች የተነሣ የሚያገኘው ቅድሚያ ነው። ከመብት የሚለየው መብት ለሁሉም የተጻፈ ሲሆን ልዩ ጥቅም ግን የትም ሳይጻፍ በሥራ ላይ መዋሉ ነው። ቃሉ አዲስ ይምሰል እንጂ አማርኛ ነገሩን ከጥንት ያውቀዋል። «ባላባት» የሚለው ቃል ሲፈታ «ባለ አባት» ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ከአባት የሚወለድ መሆኑን ያላገናዘበ ይመስላል እንጂ፣ ቃሉ ሊል የፈለገው አባትነቱ የሚቆጠርለት አባት ያለውን ነው። ዘመናዊው ቢሮ ደግሞ አባትን ትቶ «ሰው አለው» የሚል አነጋገር አምጥቷል፤ ጉዳዩ ቶሎ ያለቀለት ባለጉዳይ «ሰው አለው» ይባላል፤ ውጭ ቆሞ የዋለውም በመስኮቱ በኩል የሚያየው ሁሉ ሰው ሆኖ ሳለ «ሰው የለኝም» ብሎ ይመለሳል።

ጥላንና ክብርን ያጣመረው ግን ከሁሉ በላይ «ጃንጥላ» የሚለው ቃል ነው። «ጃን» በጃንሆይና በጃንሜዳ ውስጥ የሚገኘው፣ ንጉሣዊነትን የሚያመለክተው ቃል ሲሆን፣ ጃንጥላ ማለትም የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። በጥምቀት ዕለት ታቦት የሚወጣበት በወርቅማ ዘርፍ ያጌጠው ታላቅ ጃንጥላ፣ ድባብ የሚባለው፣ ከቅዱስ ነገር ላይ ፀሐይ መከልከል የክብር መግለጫ መሆኑን ዛሬም ያሳያል። «ጥላ ከለላ» የሚለው አነጋገርም ጠባቂ ያለውን ሰው ያመለክታል፤ «መጠለያ» የሚለው ቃል የሚወጣውም ከዚያው ከጥላ ቤት ነው። በደጋ አገር እነዚህ ሁሉ ዘይቤ ሆነው ይኖራሉ፤ የግንቦትና የሰኔ የቀን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቆላ ግን ዘይቤነታቸው ይቀርና ቃል በቃል ይፈጸማሉ።

የጥላን ሥርዓት ለመረዳት በሁርሶ ሜዳ ላይ መኪና የሚጠበቅበትን አንድ ግራር ማየት ይበቃል። ግራር ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ስለሚያድግ፣ የፀሐይ ጉልበት በሚጠናበት ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላው ግንዱን ከቦ ይቀመጣል፤ ጠርዙ ግን ከፀሐይዋ ጋር ሳያቋርጥ ይጓዛል። በዛፉ ሥር ያለው ሕዝብ በሦስት መደብ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ግንደኞች ናቸው፤ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው በተመቻቸ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ፣ ድንጋዩም ከብዙ መቀመጥ የተነሣ የለሰለሰላቸው። ሁለተኛዎቹ ጠርዘኞች ናቸው፤ ጥላው በሄደ ቁጥር ተነሥተው በርጩማቸውን፣ ዘንቢላቸውንና ልጃቸውን ይዘው አንድ ክንድ ፈቀቅ የሚሉ። ሦስተኛዎቹ ፀሐየኞች ሲሆኑ፣ እነዚህ ተሸካሚዎች፣ ለቃሚ ልጆች፣ ዘግይተው የደረሱ መንገደኞችና ማንም «ቁጭ በል» ያላላቸው ሰዎች ናቸው።

በመጀመሪያዎቹና በሁለተኛዎቹ መካከል ያለው ዋና ልዩነት የምቾት ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ነው። ግንደኛው ጥላ እንደሚንቀሳቀስ በትምህርት ቤት ተምሮ ይሆናል፤ በገላው ግን አያውቀውም፤ ለእርሱ ጥላ እንደ ግንዱ ባለበት የሚቆም ነገር ነው። ጠርዘኛው ግን ያለ ሰዓት ሰዓት ያውቃል፤ የጥላው ጫፍ የትኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ አምስት ሰዓት እንደሆነ፣ ከየትኛው ሥር ላይ ሲወርድ መኪናው እንደሚመጣ፣ ማን ከሄደ በኋላ የማን ቦታ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ አስልቶ ጨርሷል። ስለዚህም ስለ ጥላ ምርምር ማድረግ የሚፈልግ ሰው ግንደኛውን ቢጠይቅ «የቱ ጥላ?» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ግንደኛው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን፣ ሰው የማይጎድለውን ነገር ስለማይቆጥር ነው። ዓሣ ስለ ውኃ የሚጠየቅ ምስክር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ግንደኛም ስለ ጥላ የመጨረሻው ምስክር ነው።

ይህ የዕውቀት ልዩነት በየዕለቱ ጨዋታ ላይ ይሰማል። ግንደኛው አንገቱን ቀና አድርጎ «ዛሬ እኮ ደኅና ነፋሻ ቀን ነው አቦ» ሲል፣ አስተያየቱን ስለ አየሩ የሰጠ ይመስለዋል እንጂ ስለ ቦታው የሰጠ መሆኑን አያስተውልም። ፀሐየኛውም «ነው» ይላል፤ ምክንያቱም ላቡን እየጠረገ ከግንደኛ ጋር ስለ አየር ጠባይ ቢከራከር የሚያተርፈው «ይኼ ልጅ ምን ሆኗል?» መባልን ነው። «ድሃ ተበድሎ ማሩኝ ይላል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ብዙ ጊዜ ለፍርድ ቤት ነገር ይነገራል፤ በሁርሶ ሜዳ ግን ለነፋስም ይሠራል። ከግንደኞቹ መካከል ዛፉን ማን እንደተከለው ወይም በማን ዕድል እንደበቀለ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ከቦታው ቢነሡ ግን «እዚህ ድንጋይ ላይ ለመድረስ ብዙ ለፍቻለሁ» የማይል አይገኝም፤ ከመካከላቸውም በእውነት የለፋ አለ፤ ከእርሱ በላይ የለፋችው ደግሞ በርጩማዋን ይዛ ስትሸሽ የምትውለው ሻይ ሻጯ ናት።

ስለ ጥላ ባለቤትነት ከተነሣ የጫት ነጋዴዎቹን ነገር ማለፍ አይቻልም። ጫት ፀሐይ ከነካው ጠውልጎ ዋጋው ስለሚወድቅ፣ ሻጯ ያላትን ጥላ ሁሉ በቅድሚያ ለሸቀጧ ትሰጣለች፤ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ጃንጥላ ታዘነብልለታለች፣ በየጊዜውም ውኃ ታርከፈክፍለታለች። እርሷ ግን ከጃንጥላው ውጭ ተቀምጣ ነጠላዋን በግንባሯ ላይ ትስባለች። ከሩቅ ሲያዩት ጌታው ጫቱ፣ አሽከሯ እርሷ ትመስላለች። ምጣኔ ሀብታዊው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጠወለገ ጫት የሚገዛው የለም፤ የጠወለገች ሻጭ ግን ነገም ትመጣለች። በአንድ ገበያ ውስጥ ጥላ ማን ይድረሰው የሚለው ጥያቄ፣ በመጨረሻ፣ ማን ሲጠወልግ ኪሳራ ይመዘገባል የሚለው ጥያቄ ነው።

የድሬዳዋ ታሪክ ራሱ በዚህ መነጽር ሲታይ የጥላ አከፋፈል ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ደረሰ፤ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በሁርሶ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ጊዜ ወሰደ። በጣቢያው ዙሪያ ከዚራ የሚባለው ሰፈር በፕላን ተቆረቆረ፤ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቹ በረንዳ ያላቸው፣ ዳርቻዎቹ በዛፍ የታጀቡ ሆኑ፤ የባቡር ኩባንያው ሰዎችና የውጭ አገር ነጋዴዎችም ሰፈሩበት። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ፣ ስሙ በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማን የሚያመለክተው ሰፈር፣ ያለ መሐንዲስ በራሱ አካሄድ አደገ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የከዚራ ጥላ የዛፍ ጥላ ሲሆን፣ የዛፍ ጥላ ማለት በቆላ አገር የተጠራቀመ ውኃ ማለት ነው፤ አንድ ሰው ችግኙን ለዓመታት ካላጠጣው፣ ከፍየል ካልጠበቀውና ያም ሰው ደመወዝ ካልተከፈለው፣ ዛፉ ዛፍ አይሆንም። በግንቦት በቀይ አበባ የሚነድደው፣ አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ተክል እንኳ ዘሩ ከማዳጋስካር የመጣ እንግዳ ነው። የመጋላ ጥላ ግን የግድግዳ ጥላ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ በመሆኑ የአንዱ ግድግዳ ለሌላው ደጃፍ ጥላ ይሆናል፤ ማንም አላጠጣውም፤ ያበቀለው መጠጋጋት ነው። ጎብኚዎች የመጀመሪያውን «ውበት»፣ ሁለተኛውን «ጥግግት» ብለው ይመዘግባሉ፤ በስድስት ሰዓት ግን የሁለቱም ሥራ አንድ ነው።

ባቡሩም የራሱን ጥላ በማዕረግ ከፋፍሎ ይሸጥ ነበር። የአሮጌው ባቡር መንገደኛ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት ሲቆርጥ፣ «ማዕረግ» የሚለው ቃል የፉርጎውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪውንም ዓይነት እንደሚገልጽ ያውቅ ነበር፤ አንደኛው ለስላሳ ወንበር፣ ሦስተኛው እንጨት፣ ፍየልና ዘፈን ነበረው። ያም ሆኖ የማዕረጉ ስም በቲኬቱ ላይ ታትሞ ስለነበር ማንም «እኔ የተለየ ጥቅም የለኝም» ብሎ አይከራከርም ነበር፤ ከሁርሶ የወታደር ቤት ማዕረግ ጋር የሚመሳሰለውም በዚህ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡርም ወንበሩን፣ ጠንካራ አልጋውንና ለስላሳ አልጋውን በየዋጋው ለይቶ ያቀርባል። የባቡር ሐቀኝነት እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን በገንዘብ ቆርጦ፣ በወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይሰጣል።

ከድሬዳዋ ወደ ሁርሶ የሚሄደው ሚኒባስ ግን ዋጋው አንድ፣ ማዕረጉ ብዙ ነው። መንገዱ በጥቅሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያቀና የመኪናው ግራ ጎን፣ ማለትም የሾፌሩ ጎን፣ ደቡብን፣ ቀኙ ደግሞ ሰሜንን ያያል። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ በመሆኑ የእኩለ ቀን ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ከደቡብ በኩል ትመታለች፤ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ግን ዞራ ከሰሜን ትመጣለች። ስለዚህ በጥር የግራውን፣ በሰኔ የቀኙን ወንበር የያዘ መንገደኛ ያንኑ ዋጋ ከፍሎ ተጠብሶ ይወርዳል። ይህን የሚያውቁት የዘወትር ተመላላሾች ናቸው፤ አልፎ አልፎ የሚሄደው ገበሬ ባገኘው ይቀመጣል፤ ብላቴና ልኮ ቦታ የሚያስይዘው ነጋዴ ደግሞ የሥነ ፈለክ ዕውቀቱ ባይኖረውም ብላቴናው አለው። መጨረሻ የመጣው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሞተር ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ከላይ፣ ሞተር ከታች፤ ረዳቱ ግን ሒሳብ ሲቀበል ለእርሷ የሚቀንስላት የለም።

ከዚህ ሥርዓት የወጣ አንድ ቦታ ቢኖር ጋቢና ነው። ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ያለው የክብር ወንበር ሲሆን፣ ባለሥልጣን፣ ታዋቂ ነጋዴ ወይም የሾፌሩ ወዳጅ የሚቀመጥበት ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሁርሶ በሚደረግ ጉዞ ግን ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ትመጣና በትልቁ መስታወት በኩል የክብር ሰውየውን ፊት ለፊት ታነጋግረዋለች። ከኋላ ባዶ ወንበር ቢኖርም ወደዚያ ዞር የሚል የጋቢና ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ጋዜጣ ይጋርዳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይከብራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ሰው ልዩ ጥቅምን የሚወደው ስለሚመቸው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሌላው ስለሌለው የሚወደው ጊዜም አለ፣ ቢያቃጥለው እንኳ።

የጥላ ሥርዓት በሙሉ ልብሱ የሚወጣው ግን በስብሰባና በምረቃ ቀን ነው። በየትኛውም ቆላ ከተማ የተለመደው አቀማመጥ እንዲህ ነው፦ የክብር እንግዶች ድንኳን ሥር በፕላስቲክ ወንበር፣ ሽማግሌዎች በድንኳኑ ጫፍ፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ፣ መዝሙር የሚያቀርቡት ተማሪዎች ደግሞ የክብር እንግዳው እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው። ሦስት ሰዓት የተባለው እንግዳ አምስት ሰዓት ከደረሰ በኋላ የሚያደርገው ንግግር ስለ ሕዝቦች እኩልነት ሊሆን ይችላል፤ ንግግሩም ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ርዝመቱን የሚለካው ግን በድንኳኑ ሥር ባለው አየር ስለሆነ ሌላ ሃያ ደቂቃ ምንም አይመስለውም። በጠረጴዛው ላይ የተደረደረው የታሸገ ውኃ ሲያልቅ፣ ባዶው ጠርሙስ፣ ማለትም ሃይላንድ የሚባለው፣ ለውኃ መያዣ የሚፈልጉት ልጆች እጅ ይገባል፤ ውኃው ከጥላ ውስጥ ይቀራል፣ ፕላስቲኩ ወደ ፀሐይ ይወጣል፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዕቃ ተካፈሉ ይባላል።

ሰውን ለዘላለም ግንደኛ ወይም ፀሐየኛ ብሎ መመዝገብም ስሕተት ነው። በሁርሶ ግራር ሥር ድንጋዩ የሚለቀቅለት ሰው ድሬዳዋ ሲገባ ጠርዘኛ፣ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ ደግሞ ሰው የሌለው ፀሐየኛ ሆኖ ይውላል፤ የአዲስ አበባው ኃላፊ በተራው በባዕድ አገር ኤምባሲ መስኮት ፊት ሲሰለፍ ጥላ ምን እንደሆነ ድንገት ይገባዋል። በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለው ተሸካሚ ቤቱ ሲገባ ያለውን አንድ መደብ ይዞ ይጋደማል፤ ማገዶ ተሸክማ ከእርሱ እኩል ፀሐይ ላይ የዋለችው ሚስቱ ግን ከፀሐይ ወደ ጭስ ትዛወራለች እንጂ ጥላዋ ገና አልደረሰም። በየደረጃው ያለው ሰው ወደ ላይ ሲያይ በደሉን አጥርቶ ይቆጥራል፤ ወደ ታች ሲያይ ግን ዓይኑን ፀሐይ ይወጋዋል።

ነገሩ ሁልጊዜ የሚያስቅ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ፣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ውኃው ማንንም መርጦ አልመጣም፤ መርጦ የቆየው መሬቱ ነው፤ ከፍ ያለውና የተጠበቀው ቦታ አስቀድሞ ተይዞ ስለነበር፣ አቅም ያጣው ሰው ቤቱን የሠራው በወንዙ ጥግ ነበር። በደህና ቀን ማን ጥላ ሥር ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ የምቾት ጉዳይ ይመስላል፤ በክፉ ሌሊት ግን ያው ጥያቄ ማን የት ተኝቶ ነበር ወደሚል ይለወጣል።

ተፈጥሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ለዚህ ሁሉ እርማት የምትሞክርበት ቅጽበት አላት። በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ገደማ፣ እንደገናም በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፀሐይዋ በዚህ አገር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትወጣለች፤ የቆመ ምሰሶ ጥላ አይኖረውም፤ ግድግዳም ለጎረቤቱ የሚያበድረው ያጣል፤ የእያንዳንዱ ሰው ጥላ፣ የሻለቃውም፣ የተሸካሚውም፣ ከገዛ እግሩ ሥር ተሰብስቦ ይቀመጣል። የነሐሴው ብዙ ጊዜ በደመና ይበላሻል፤ የሚያዝያው ግን ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። እርማቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ምሰሶና ግድግዳ እኩል ሲሆኑ ጣሪያ፣ በረንዳና ድንኳን እንደቆሙ ናቸው፤ ግንደኛውም ከግራሩ ሥር ሆኖ ቅጽበቷ መምጣቷንም መሄዷንም አያውቅም።

እንግዲህ የድሬ ልጅ «አንተ» ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ብቻ መፈተኛው ከተውላጠ ስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ነው። ግንደኛው ፀሐየኛውን «አንተ» ይለዋል፤ ፀሐየኛውም ግንደኛውን መልሶ «አንተ» ይለዋል፤ እስከዚህ ድረስ ሰዋስዉ እኩል ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንደኛው «አንተ፣ ውኃ አምጣልኝ» ሲል፣ ሌላው «አንተ፣ አመጣሁልህ» ይላል፤ ትእዛዙ ሁልጊዜ ከጥላ ወደ ፀሐይ ይሄዳል፤ ውኃው ደግሞ ሁልጊዜ ከፀሐይ ወደ ጥላ ይመጣል። በጥንቱ የአገሪቱ ወግ እንግዳ ሲመጣ የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር፤ በእርግጥ የሚነሣው ለታላቅ ነበር እንጂ ለተሸካሚ አልነበረም፤ ቢሆንም ወጉ ሰው ወንበሩን ለቆ ሊነሣ እንደሚችል ያስታውሳል።

አልፎ አልፎ፣ በተለይ መኪናው በዘገየባቸው ረጅም ቀኖች፣ በግራሩ ሥር ሌላ ግሥ ይሰማል። ሻይ ሻጯ በርጩማዋን ለስድስተኛ ጊዜ ልታነሣ ስትጎነበስ፣ ከግንዱ አጠገብ ያለ አንድ ሰው የጥላውን ጫፍ በዓይኑ ይከተልና፣ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያያል። «አንቺ፣ ነይ ጠጋ በይ፤ እዚህ አይሄድም» ይላል፤ ድንጋዩንም በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ጥላው ያው ነው፣ ዛፉም ያው፤ በቁጥር የተጨመረ ነገር የለም። እርሷ ግን መጀመሪያ የምታየው ድንጋዩን ሳይሆን ፊቱን ነው፤ ከዚያ ምድጃዋን በጨርቅ ይዛ አንድ ክንድ ተኩል ትጠጋለች፤ የቀድሞ ቦታዋንም፣ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ሜዳው ላይ ቆሞ የነበረው ተሸካሚ ይወርሰዋል።